ፍልሰታ ሲፈታ የምትቆረጥ ጽጌረዳ

ሰው ጽጌረዳ ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ወደ አፍንጫው ያስጠጋታል። ሕፃንም ይሁን ሽማግሌ፣ ማንም ሳያስተምረው እንዲህ ያደርጋል። ቀለሟን አይቶ "አቤት ስታምር!" የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።

እናቴ ካረፈች በኋላ ለግቢዬ ከአንድ ችግኝ ጣቢያ ደማቅ ቀይ ጽጌረዳ ገዛሁ። ጥሩ ችግኝ ነበረች። ቶሎ ያዘች፣ በሁለት ወሯ አንድ ትልቅ አበባ አወጣች። ጠዋት ጥርሴን ሳልፋቅ ወጥቼ ጎንበስ አልኩና አሸተትኳት። ምንም የለም። ቅጠል ቅጠል ትላለች፣ በቃ። ብርዱ ይሆናል ብዬ ፀሐይ ሲሞቅ ተመልሼ መጣሁ። አሁንም ምንም። ባለቤቴን ጠርቼ "እስኪ አንቺ አሽትቻት" አልኳት። አሸተተችና ቀና ብላ አየችኝ። "ታምራለች" አለችኝ። ሌላ የምትለው አልነበራትም።

ያን ቀን የእናቴ ጽጌረዳ በጣም ናፈቀችኝ። እናቴን ራሷን የናፈቅኩ ያህል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የእናቴ ጽጌረዳ የነበረችው ከማድ ቤቱ በር በስተግራ፣ ከግንቡ ሥር ነው። ከፋሲል ግቢ ብዙም በማይርቅ አሮጌ ሰፈር ውስጥ። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም አላት። አበባዋ ትልቅ አይደለም፤ የቡና ሲኒ አፍ ቢሞላ ነው። ግን ቅጠሎቿ ብዙ ናቸው፣ ተጨማደው የታጨቁ፣ ሻንጣ ውስጥ በችኮላ የተከተተ ነጠላ ይመስላሉ። አንገቷ ደካማ ስለሆነ አበባው ሲፈካ ወደ መሬት ትደፋለች። እሾኋ ደቃቅና ብዙ ነው። በሦስተኛው ቀን ትረግፋለች። ዕቃ ውስጥ ብታስቀምጧት ከዚያም ያነሰ ነው ዕድሜዋ።

ሽታዋስ? ሽታን በቃል መጻፍ ከባድ ነው። ማር አለበት፣ ግን የማር ጣፋጭነት የለበትም። ከሥሩ ትንሽ የሎሚ ልጣጭ አለ። መጨረሻ ላይ፣ በጣም ከቀረባችሁ፣ ቅርንፉድ የምትመስል ነገር ብቅ ትላለች። እናቴ የረገፉትን ቅጠሎች ለቅማ በወንፊት ላይ በጥላ ታደርቅና የሐበሻ ልብሷን በምታስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ ትበትናቸዋለች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነጠላዋን ስትዘረጋ ያ ሽታ ቀድሟት ይወጣ ነበር። ልጅ ሆኜ ጉልበቷ ሥር ተቀምጬ ቅዳሴው ሲረዝምብኝ የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዬ ላይ አደርግ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ እናቴ አተላውን የምታፈሰው ከጽጌረዳዋ እግር ሥር ነው። ጎመን የታጠበበት ውሃም ወደ እሷ ይሄዳል። የልብስ ውሃ ግን አይነካትም። "ሳሙና ያቃጥላታል" ትል ነበር።

---

ቆይቼ የገዛኋት ቀይ ጽጌረዳ ለምን እንደማትሸት ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ የእኔ አፈር ጥፋት አልነበረም።

ዛሬ በብዛት የሚራቡት ጽጌረዳዎች ለንግድ የተመረጡ ዝርያዎች ናቸው። አገራችን በአበባ ኤክስፖርት ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። ከሆለታ፣ ከዝዋይ፣ ከባሕር ዳር እርሻዎች የሚቆረጠው ጽጌረዳ በአውሮፕላን ተጭኖ አውሮፓ ይገባል። ለዚህ ጉዞ የሚያስፈልገው ረጅምና ቀጥ ያለ አገዳ፣ ጠንካራ የአበባ ቅጠል፣ ዕቃ ውስጥ ብዙ ቀን የሚቆይ ዕድሜ ነው። አዳቃዮች ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲመርጡ የኖሩት ይህንን ነው። ሽታን የመረጠ አልነበረም። ያልተመረጠ ነገር ደግሞ ቀስ እያለ ይጠፋል።

በ2015 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ተመራማሪዎች የሚመራ ቡድን የምትሸትና የማትሸት ጽጌረዳን ጎን ለጎን አስቀምጦ አጠና። የምትሸተዋ የአበባ ቅጠል ውስጥ ሽታውን ለመሥራት የሚያግዝ አንድ ኢንዛይም በብርታት ይሠራል። በማትሸተዋ ውስጥ ሥራው እጅግ ደካማ ነው። ይህን ሳነብ የገዛኋትን ቀይ አበባ ተቀይሜያት የነበረው ቅያሜ ለቀቀኝ። እሷ ምን ታድርግ።

ሽታ ደግሞ ርካሽ ነገር አይደለም። ለሽቶ የሚሆን አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማውጣት ከ3,000 እስከ 5,000 ኪሎ አበባ ያስፈልጋል። የሚለቀመውም ገና ሲነጋ፣ ጤዛው ሳይደርቅ ነው፤ ፀሐይዋ ከበረታች ዘይቱ ይተናል። እናቴ ስለ ዘይት የምታውቀው ነገር አልነበረም። ግን ለሥዕሉ ፊት የምታስቀምጣትን አንዷን አበባ ሁልጊዜ የምትቆርጣት ከጸሎት በፊት፣ ጨለማው ገና ሳይለቅ ነበር።

---

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ታሪክ ልምጣ።

የእናቴ ቤት ጣሪያና ግድግዳ መታደስ ነበረበት። ሠራተኞች ቀጠርን። እኔ በዚያ ሰሞን ለሥራ ከከተማ ውጭ ነበርኩ። በስልክ "ጽጌረዳዋን አደራ እንዳትነኩብኝ" ብያለሁ። አልነኳትም፣ እውነታቸውን ነው። ግን ሲሚንቶና አሸዋውን የሚያቦኩት ከእሷ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ነበር። የባልዲውና የአካፋው እጣቢ ሁሉ የሚፈሰው ወደ እሷ ነው። ቦታው ወደዚያ ያዘነብላል። ዙሪያዋን በድንጋይ ማጠር ነበረብኝ። አላጠርኩም።

ስመለስ ቅጠሎቿ ቢጫ ሆነዋል። ዝም ብሎ ቢጫ አይደለም። የቅጠሉ ገላ ቢጫ፣ ደም ሥሮቹ ግን አረንጓዴ፤ ልክ በቢጫ ወረቀት ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ የተሣለ ካርታ። ጽጌረዳ የምትወደው አፈር ለስለስ ያለ፣ ትንሽ ወደ ኮምጣጣነት የሚያደላ ነው። ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ኖራ አፈሩን ይገለብጠዋል። አፈሩ ውስጥ ብረት ቢኖርም ሥሯ መምጠጥ ያቅተዋል። ቢጫው የዚያ ረሃብ ምልክት ነው። አፈሩን ቆፍሬ አወጣሁ፣ አዲስ አፈርና ብስባሽ ሞላሁ። ዘግይቼ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ አገዳዎቿ ከጫፍ ወደ ታች ጠቆሩ። አንድ ብቻ ቀረ።

ከዚያች አንድ አገዳ የወጡትን ቅርንጫፎች ዘንጥፌ 12 ቁራጭ አዘጋጀሁ። ወሩ መጋቢት ነው። ጎንደር በመጋቢት ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ፀሐዩ ይፋጃል፣ አቧራው አለ፣ የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ጀሪካን ደርድረን ለምግብና ለገላ የምናብቃቃበት ጊዜ ነው። ግን ምን አማራጭ አለኝ? አገዳዋ እስከ ክረምት እንደምትቆይ ዋስትና አልነበረኝም።

ዐሥራ አንዱ ደረቁ። ዐሥራ ሁለተኛው ቅጠል አወጣ! ሁለት፣ ከዚያ አራት፣ ቀያይ ለጋ ቅጠሎች። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ለእህቴ ፎቶ ላኩላት። በሳምንቱ ቅጠሎቹ ጠወለጉ። ሳብ ሳደርገው ያለ ምንም ትግል ከአፈሩ ወጣ። ከታች ነጭ ሥር የሚባል የለም። ቁራጭ በራሱ ውስጥ ባጠራቀመው ስንቅ ቅጠል ሊያወጣ እንደሚችል ያን ቀን ተማርኩ። ቅጠል አወጣ ማለት ያዘ ማለት አይደለም። አሁን ለማንም የምነግረው የመጀመሪያ ነገር ይኸ ነው፦ ቁራጭ ቅጠል ስታዩ አትቸኩሉ፣ ፎቶም አትላኩ።

---

ያተረፈኝ ቀጋ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በግብርና ሙያ ያሳለፉ ጡረተኛ አሉ። ብርቱካንና መንደሪን እያዳቀሉ ለስንቱ ግቢ ችግኝ ሰጥተዋል። ሄጄ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። "ሥር የከዳትን ሥር ካለው ጋር ታጋባታለህ" አሉኝ። "ቀጋ አምጣ።"

ቀጋን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሁሉ ፍሬውን በልቷል። ቀይ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ ውስጡ ፀጉራም ዘር የሞላበት፣ ላዩ ጣፋጭ ነው። ፍሬውን ሁሉም ያውቀዋል፣ አበባውን ግን ልብ ያለው ጥቂት ነው። ነጭ፣ አምስት ቅጠል ያለው፣ መሐሉ ቢጫ። እሱም ይሸታል። ቀጋ የራሳችን ጽጌረዳ ነው። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያ። ደጋውንና ወይና ደጋውን ይወዳል። ድንጋያማ ገደል አፋፍ ላይ፣ ማንም ውሃ ሳያጠጣው፣ ሰው ጠል እሾሁን ይዞ ይኖራል። እኛ ግን ለአጥር ካልሆነ ቁም ነገር አድርገነው አናውቅም።

በሰኔ መጀመሪያ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ የዘመድ ማሳ ጥግ አራት ለጋ የቀጋ ችግኞች ከነአፈራቸው ነቅዬ አመጣሁ። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ሆነው ያዩኛል። "ምን ልታደርገው ነው ልጄ? እሾህ አነሰህ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል ሲባል አልሰማህም? ያቺን የመሰለች ጽጌረዳ ከዚህ እሾህ ጋር!" እውነት ለመናገር እኔም ልቤ ፈርቶ ነበር።

አራቱም ቀጋ ክረምቱን ሙሉ ወፈሩ። የእናቴ አገዳም በእግዚአብሔር ቸርነት በሕይወት ቆየች። ከሐምሌ ዝናብ በኋላ እንዲያውም አዲስ ቅርንጫፍ ሰደደች። በነሐሴ መጨረሻ ሽማግሌው ምላጭ፣ አልኮልና በቀጭኑ የተቆረጠ ፌስታል ይዘው መጡ።

ሲሠሩ እጃቸውን በደንብ አየሁ። ከእናቴ አገዳ ላይ፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ ያለችውን ትንሽ ዓይን መረጡ። የሩዝ ፍሬ ታክላለች። ቅጠሉን ቆርጠው ጭራውን ብቻ እንደ እጀታ ተዉት። ከዓይኗ በላይና በታች ጥቂት ልጣጭ ጨምረው፣ እንደ ጥፍር ቀጭን አድርገው ገፈፏት። ቀጋው ላይ፣ ከመሬት አራት ጣት ከፍ ብሎ፣ ልጣጩን በመስቀል ዓይነት ቀደዱ፤ ግን ከላይ ያለው የመስቀሉ ራስ የለም። የክረምቱ ውሃ ስለመላው ልጣጩ እንደ ፖስታ ተከፈተ። ዓይኗን ወደ ውስጥ አንሸራተው ከተቱ። በፌስታሉ ጠበቅ አድርገው አሰሩ፣ ዓይኗ ብቻ ብቅ ብላ። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። "ከቆየ ይደርቃል" አሉ። "የምትነካው ነገር ሁሉ ንጹሕ ይሁን፣ እጅህም ፈጣን።"

ከዚያ መጠበቅ ነው። "ከሦስት ሳምንት በኋላ ያቺን የቅጠል ጭራ በጣትህ ንካት" ብለውኛል። "ስትነካት ቶሎ ከወደቀች ዓይኗ ሕያው ናት፤ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ዛፍ ያረጀ ቅጠሏን ጣለች ማለት ነው። ደርቃ ሙጭጭ ካለች ግን ሞታለች።"

መስከረም 20 አካባቢ ይመስለኛል፣ ጠዋት፣ ተንበረከክሁ። የመጀመሪያዋ ጠቁራ ሙጭጭ ብላለች። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋን በአመልካች ጣቴ ጫፍ ነካሁ። ወደቀች። ምንም ድምፅ የላትም፣ ግን የሰማኋት መሰለኝ። አራተኛዋም ወደቀች። እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ።

---

እናቴ ጽጌረዳዋን በዓመት አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጋ ትቆርጣት ነበር። ቀኑ የታወቀ ነው። ነሐሴ 16፣ ፍልሰታ ሲፈታ። ጠዋት ቆርባ ትመጣለች፣ ይፈሰካል፣ ቡና ይፈላል፣ ከዚያ መቀሱን ይዛ ትወጣለች። "ለምን ዛሬ?" ብላት "ለጽጌ እንድትደርስ" ትለኝ ነበር። እኔ ይህን እንደ ልማድ ነበር የማየው። እናቶች ብዙ ነገር በበዓል ነው የሚቆጥሩት፤ ልደትም፣ ብድርም፣ የበርበሬ መቀንጠስም።

አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ከነሐሴ 16 እስከ ነሐሴ 30፣ 14 ቀን። ጳጉሜ 5። ወርኃ ጽጌ የሚገባው መስከረም 26 ነው። ሲደመር 45። ሙቀት ባለበት አገር ጽጌረዳ ከተቆረጠች በኋላ እንደገና ለማበብ የምትፈልገው ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ነው። እናቴ የምትቆርጣት አበባዋ ልክ ጽጌ ሲገባ ጀምሮ እስከ ጥቅምት እንዲፈነዳ ነበር ማለት ነው! ያም ብቻ አይደለም። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ስለምትቆርጣት፣ የክረምቱ በሽታ ያደረበት ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ቅጠል አብሮ ይሄዳል። አዲሱ ቅጠል የሚወጣው በደረቅ አየር፣ በመስከረም ፀሐይ ነው። አፈሩ ደግሞ ገና የክረምቱን ውሃ እንደያዘ ነው። ከዚህ የተሻለ ቀን ባለሙያ ቢመርጥ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ማን አስተማራት? እናቷ ናት። እናቷንስ? እንጃ። ግን ጎንደር ውስጥ ጽጌን የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ጸናጽሉ፣ ከበሮው፣ የመቋሚያው ድምፅ በጸጥታው ውስጥ ከሩቅ ይሰማል። እመቤታችንን በአበባ፣ ልጇን በፍሬ፣ አንዳንዴም በአበባው መዓዛ እየመሰሉ ሲያመሰግኑ ያድራሉ። ኅዳር 6 ደግሞ ቁስቋም ናት። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ካሠሩት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ደጅ ያን ቀን ያልቆመ ጎንደሬ ቁስቋም ምን እንደሆነች በሙሉ ያውቃል አልልም። እናቴ ያን ቀን ጠዋት የመጨረሻዎቹን አበቦች ቆርጣ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ይዛ ትወጣ ነበር።

ጽጌረዳና ቤተ ክርስቲያን በአገራችን የቆየ ወዳጅነት አላቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር ከትግራይ ለተገኘች አንዲት ፈዛዛ ሮዝ ጽጌረዳ በላቲን "የተቀደሰች ጽጌረዳ" የሚል ስም ሰጥቷት ነበር። በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ትተከል ስለነበር ነው። ስሟ በኋላ ተለውጦ በእሱ በራሱ ስም ተጠራች። የእናቴ ያቺ አይደለችም፤ ያቺኛዋ ነጠላ፣ አምስት ቅጠል ናት። ቢሆንም አንድ ካህን ወይም አንዲት እናት ቅርንጫፍ ዘንጥፎ ከደብር ደብር፣ ከግቢ ግቢ ካላሻገራት እዚያ ልትቆይ እንደማትችል አስባለሁ።

---

ከቀጋው ላይ የበቀለችው ጽጌረዳ በዓመቱ፣ በጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት አበበች። ዋዜማውን ዝናብ ጥሎ ነበርና የመጀመሪያው ቀን ሽታዋ ደከም ያለ ሆነብኝ። ልቤ ወደቀ። ቀጋው ለውጧት ይሆን? በነጋታው እሑድ ነው። ፀሐይ ወጣ። ሦስት ሰዓት ገደማ ልብስ ላሰጣ ስወጣ፣ ገና ሳልደርስባት፣ ሽታዋ መጥቶ ያዘኝ። ማሩ፣ የሎሚ ልጣጩ። ተጠግቼ ጎንበስ አልኩ። ቅርንፉዷም አለች።

ሥሩ ቀጋ ነው፣ ላዩ ግን እሷው ራሷ ናት። ዓይን ማለት ቅንጣት ተክል ነው፤ የማንም ሥር ቢያጠባው ራሱን አይረሳም። ቀጋው ደግሞ የሰጣት ነገር አለ። የኔ ግቢ አፈር ዋልካ ነው፤ በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የቀጋው ሥር ይህን ችሎታል። በበጋም በሳምንት አንድ ባልዲ ውሃ ትበቃዋለች።

አንድ ጠንቀቅ የሚባልበት ነገር አለ። ቀጋው አንዳንዴ ከሥር የራሱን ቀንበጥ ይሰዳል። ቅጠሉ አነስ፣ እሾሁ እንደ ድመት ጥፍር ቆልመም ይላል። ዝም ካላችሁት ጽጌረዳዋን ውጦ ቀጋ ብቻ ይቀራችኋል። አፈሩን ገለጥ አድርጎ ከመነሻው መገንጠል ነው። መቁረጥ ያባዛዋል።

ለሌላው ብዙ አልጨነቅም። ቢያንስ ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ። የበሰበሰ ፍግ በዓመት ሁለቴ፣ ትኩስ እበት ግን በፍጹም። ውሃ ከእግሯ ሥር እንጂ ቅጠሏ ላይ አይደለም። ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይ ለጋውን ሲወርራት በጣት መጥረግ፣ ካልሆነ ቀጠን ባለ የገላ ሳሙና ውሃ መርጨትና በኋላ ማጠብ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ። ጽጌረዳ ይህን አየር ትወደዋለች። ከኛ የምትፈልገው ያን ያህል አይደለም።

---

እናቴ ከሞተች በኋላ የማርያም ጽዋ ማኅበሯን ቦታ ወርሻለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት የኅዳር ተራ የደረሳቸው ወደ ልደታ አካባቢ ያሉ እናት ነበሩ። ቤታቸው ገብቼ አላውቅም። በሩን አልፌ ወደ ጓሮ እጄን ልታጠብ ስሄድ ቆምኩ። ሽታው።

ከውሃ በርሜሉ ጀርባ፣ ግንቡን ተደግፋ፣ ቁመቴን የምታክል፣ ጥቂት አበባ የቀራት። ያቺው ቀለም፣ ያቺው የተጨማደደች ነጠላ። ወደ ቤት ገብቼ "እማማ፣ ይህቺን ከየት አመጧት?" አልኳቸው። ገረማቸው። "ይህችማ የእናትህ ናት እኮ!" አሉኝ። ሳቁ። "ዝንጣፊ ሰጥታኝ ነው። እኔ ብቻ መሰልኩህ? ማኅበርተኛው ሁሉ ወስዷል። እኛ እኮ በእሷ ስም ነው የምንጠራት።" ከዚያ ስሟን ጠሩት። ሌሎቹም እናቶች አንድ በአንድ መናገር ጀመሩ። የአንዷ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ካለው ግቢ አለች። የአንዷ አዘዞ፣ ልጇ ጋ። የአንዷ በክረምት ጎርፍ ሄዳባታለች፣ ግን ከዚያ በፊት ለእህቷ ሰጥታለች።

እኔ ያቺን አንድ አገዳ ላትርፍ ስንት ሌሊት አልተኛሁም። አንድ በር ባንኳኳ ኖሮ። ግን ማንንም አልጠየቅኩም። አበባ የሚገኘው ከችግኝ ጣቢያ ነው ብዬ መጀመሪያ የሄድኩት ወደዚያ ነው። የምትሸት ጽጌረዳ ግን በሦስት ቀን ስለምትረግፍ፣ አንገቷም ስለሚደፋ፣ የሚሸጣት የለም። ጎንደር ላይ ያለችው በየጓሮው፣ ከውሃ በርሜል ጀርባ፣ ከማድ ቤት በር ሥር ነው። የምትገኘውም "እስኪ አንድ ዝንጣፊ" በማለት ብቻ ነው። የሚጠይቅ ከጠፋ እሷም ትጠፋለች። ይህ በጣም ያሳስበኛል። አሮጌ ግንብ ፈርሶ ፎቅ ሲቆም መጀመሪያ የሚታጨደው ያ ጓሮ ነው።

ስለዚህ አሁን ፍልሰታ ሲፈታ ስቆርጣት አንድም ቅርንጫፍ አልጥልም። ሲባል ቀላል ይመስላል፣ ግን አሠራር አለው። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለውን፣ አበባ ጨርሶ የረገፈበትን እመርጣለሁ። አንድ ስንዝር አድርጌ፣ ከዓይን በታች ሰያፍ እቆርጠዋለሁ። ከላይ ሁለት ቅጠል አስቀርቼ ሌላውን አነሳለሁ። አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር በሞላ የድልህ ጣሳ ውስጥ፣ ታቹን በምስማር በስቼ፣ ግማሹን ድረስ እተክለዋለሁ። ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ላዩ ላይ እደፋበታለሁ፤ እርጥበቱን ይይዝለታል። ጥላ ሥር አስቀምጬ እስከ ጥቅምት አልነካውም። በመጋቢት ዐሥራ ሁለቱም የሞቱብኝ፣ በነሐሴ ግማሹ ይይዛል።

ዘንድሮ 14 ጣሳ ነበር። ዘጠኙ ሥር ሰደደ። አንዱን ያ ሁሉ እሾህ ያስፈራቸው ጎረቤታችን ወሰዱ። ሁለቱን ዓይን ያዳቀሉልኝ ሽማግሌ። አንዱ አዲስ አበባ፣ እህቴ ጋ ሄዷል፤ አውቶቡስ ላይ ጭኗ ላይ አድርጋ ነው የወሰደችው። አንዱን የሰፈራችን የኔታ ለደብሩ ቅጥር ለመኑኝ። ሦስቱን የማኅበራችን ወጣቶች ተካፈሉ፤ ከእነሱ አንዷ አሁን ያገባች ናት፣ ጓሮ የላትም፣ በረንዳ ላይ በትልቅ ገንዳ ተክላታለች።

አንድ ጣሳ ቀርታለች። ከውጭው በር አጠገብ፣ ደረጃው ላይ አስቀምጫታለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የማላውቃት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቆማ ስታያት አየሁ። ቅጠሏን ነካ አድርጋ እጇን አሸተተች። ነገ ካለፈች እጠራታለሁ።